ሦስት እፍኝ ቀይ አሸዋ

የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል የቢሮዬን መስኮት ከፍቼ አንገቴን ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ምን ጠፋብሽ?» እያለች ትስቃለች። የጠፋብኝ ሽታ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ከመጣና ዕድል ከቀናኝ፣ በጋውን ሙሉ ደርቆ የከረመ ቀይ አሸዋ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው፣ የዛገ ብረትና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ይደርሰኛል። ሲደርሰኝ ወዲያው አሥራ አንድ ዓመቴ ይሆናል፣ ጫማዬ በጭቃ ይከብዳል፣ አባባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊቴ ይሄዳል፣ እኔም እንዳያየኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በጣቶቼ ሚዳቋ እቆጥራለሁ።

አባባ የምለው የእናቴን አባት ነው። እኛ የምንኖረው በኔታንያ ሰሜን በኩል፣ ኤይን ሀትኽሌት ነበር፤ እሱ ደግሞ በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከራማት ፖሌግ አለፍ ብሎ አዲስ ሰፈር በሚገነባበት ቦታ የበር ጠባቂ፣ እዚህ ሁሉም በዕብራይስጥ እንደሚለው ሾሜር ሆኖ ይሠራ ነበር። እናቴ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ስትሠራ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የአባባን ምሳ ይዤ በአውቶቡስ ወደ እሱ እሄድ ነበር። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነበረን። እኔ የቤት ሥራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፣ እሱ የጭነት መኪና ሲመጣ የበሩን ሰንሰለት ያወርዳል፣ ሲያልፍ መልሶ ይሰቅላል። ፈረቃው ሲያልቅ ግን በቀጥታ ወደ ቤት አንሄድም ነበር።

ከግንባታው አጥር ማዶ እስከ ባሕሩ ገደል ድረስ ቤት የሌለበት መሬት ተዘርግቶ ነበር፤ ቀይ የአሸዋ ጉብታ፣ ቁጥቋጦ፣ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ባለቤቱ የተወው የብርቱካን ማሳ። የመንግሥት መሬት ነው ይባላል፣ ይህም ማለት ማንም የሚገባበት መሬት ነው። ሰው ውሻውን ያናፍስበት ነበር፣ ልጆች ብስክሌት ይነዱበት ነበር፣ በበዓል ቀን ቤተሰብ እየመጣ ሥጋ ይጠብስበት ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ከሚመላለስበት ቦታ መካከል ሚዳቋዎች ይኖሩ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ምክንያቱም ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ዓይን ሳይሆን ዝም ብሎ መቆም ነበር፣ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ አባባም እኔም እናውቅበት ነበር።

«ሚዳቋ ናት» አለኝ መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን፣ በአገጩ እየጠቆመ። «ከኛ አገሯ ትንሽ ትረዝማለች፣ ቀንዷም ይለያል፣ ግን ዘመድ ናቸው። ስትቆም እያት፣ አንዱን እግሯን አንሥታ።»

እኔ በትምህርት ቤት እጄን አውጥቼ መልስ የማልመልስ፣ መምህሯ ስሜን ስትጠራ ጆሮዬ የሚግል ልጅ ነበርኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ጥያቄዬ አያልቅም ነበር። ሌሊት የት ይተኛሉ? ውሃ በሌለበት ምን ይጠጣሉ? ወንዱ ለምን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጸዳዳል? አባባ ለሁሉም መልስ ነበረው፤ መልስ ያጣበት ጊዜ ደግሞ «እንጃ፣ እሷን ጠይቂያት» ብሎ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ያወቀው በወጣትነቱ አዳኝ ስለነበረ ነው። ከጎንደር ወደ ቆላው በሚወርደው አገር፣ ሌሎቹ በጠመንጃ ሲያድኑ የእኛ ሰዎች በኦሪቱ ሕግ በጥይት የወደቀ ስለማይበሉ በመረብና በገመድ ወጥመድ በሕይወት እየያዙ በቢላ ያርዱ ነበር። «ድኩላ እንደ ፍየል ነበር አገሩ ላይ» ይለኝ ነበር። «አጋዘኑ ጠዋት ወደ ወንዝ ሲወርድ ኮቴው ይሰማሻል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኛም አደንን፣ ባለ ጠመንጃውም መጣ፣ ወታደሩም መጣ። ሁሉም ነገ ሌላ አለ እያለ ነው የሚወስድ። አንድ ዓመት ወጥመዴን ዘርግቼ ሰባት ቀን ተመላለስኩ፣ ሰባት ቀን ባዶ። በስምንተኛው ቀን ብሄድ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች።» ይህን ሲናገር እጁን እያየ ነበር። «ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ እናኑ። ሌላ አልነበረም።»

በትምህርት ቤት ሌላ ስም ነበረኝ፣ እናኑ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጸው፣ ከበዓላቱ በፊት፣ ዘመዶቻችን ተሰባስበው ወደ ቴል ሞንድ በኩል ወዳለ የዶሮ እርባታ እየሄዱ በሕይወት ያለ ዶሮ ይገዙ ነበርና፣ በዚያ ዓመት አባባ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ዶሮዋን ከማረዱ በፊት ተንበርክኮ መሬቱን በጣቶቹ ጫር ጫር አድርጎ አለሰለሰ፣ አርዶ ደሙን እዚያ ላይ አፈሰሰ፣ ከዚያ በሁለት እጁ አፈር እየዘገነ ሦስት ጊዜ አለበሰው፣ በመጨረሻም የልጅ ራስ እንደሚዳብስ አድርጎ በመዳፉ ደለደለው።

«ለምንድን ነው የምትሸፍነው?» አልኩት።

«ነፍስ ናት። ራቁቷን አትተውም። ለዶሮ እንዲህ ነው፣ ለዱር እንስሳም እንዲህ ነው፤ ሕጋችን ነው።»

«ለበግስ?»

«ለበግ አይደለም።»

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ፣ ዶሮዋ እስክትቀቀል ልትጠይቂኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። መልሱን ግን አልነገረኝም፤ እስካሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ዝናቡ ጀመረ። አባባ የዚህን አገር ክረምት ሁልጊዜ ይታዘበው ነበር፤ ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ነው፣ ፀሐይዋ የምትከርረው ደግሞ በኛ አገር ዝናብ በሚወርድበት ጊዜ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀዩ አሸዋ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሚዳቋዎቹ ከቁጥቋጦው ወጥተው በግልጽ መጋጥ ጀመሩ፣ እኔም ያን ጊዜ ነው መቁጠር የጀመርኩት።

ጮክ ብዬ መቁጠር የሞከርኩት አንዴ ብቻ ነው። «ሦስት፣ አራት፣ አምስት…» ስል አባባ ዞሮ አይቼው በማላውቀው ዓይን አየኝ። «ነፍስ ያለው አይቆጠርም። ከብትም፣ ልጅም፣ እነሱም። ይጎድላሉ።»

«ታዲያ እንዳሉ በምን ታውቃለህ?»

«በመልካቸው ነዋ። አንቺ እናትሽን ቆጥረሽ ነው የምታውቂያት?»

እውነትም በመልካቸው ያውቃቸው ነበር። አንዱ ወንድ ቀንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ አንዷ ስትሄድ ትጎተታለች፤ አንዲት እናት ደግሞ የቀኝ ጆሮዋን እሾህ ይሁን ውሻ አንድ ነገር ተልትሎት ስለነበር አባባ ተልታላዋ ይላት ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ሁሉንም አንድ በአንድ ይቃኝና «አሉ» ይላል፣ ከዚያ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እንሄዳለን።

እኔ ግን የቁጥር ልጅ ነበርኩ። የሂሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን እጽፍ ጀመር፤ ሜዳው ላይ በኪሴ ውስጥ በጣቶቼ እቆጥራለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ አባባ ሲያንቀላፋ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሃያ ሁለት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሃያ ሆነ፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት። ገጹን ደጋግሜ አየሁት። አባባ እንዳለው መሆኑ ነበር፤ የጎደሉት እኔ ስለቆጠርኳቸው ነው።

ለማንም የማይነገር ነገር ነበር፤ ስለዚህ ራሴ ልመረምረው ወሰንኩ። አንድ ወር ሙሉ ላልቆጥር ማልኩ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ፣ ጣቶቼን ጨብጬ፣ ዓይኔን እንኳ አንዱ ላይ ብቻ አድርጌ እሄድ ነበር። በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፍጥነት ቆጠርኩ። አሥራ አራት። ሳልቆጥራቸውም ጎድለዋል ማለት ነው። ጥፋተኛዋ እኔ እንዳልሆንኩ ሳውቅ እፎይ አልኩ፤ ግን እፎይታው አውቶቡሱ ሁለተኛ ማቆሚያ እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። እኔ ካልሆንኩ ታዲያ ማን ነው?

አባባም ተለውጦ ነበር። «አሉ» የሚለውን ቃል ትቶት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ቃኝቶ ብቻ ወደ አውቶቡሱ ይዞራል። ከእኔ በፊት ብቻውን ወደ ሜዳው መግባት ጀመረ፤ ጠዋት ከፈረቃው በፊት ገና በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሄድ ነበር። እናቴ ጫማውን ደጅ ላይ ስታራግፍ «ይኼ ሰውዬ በር ነው የሚጠብቀው ወይስ ሚዳቋ ነው የሚያግደው?» ትል ነበር፤ እሱም «በሩ የትም አይሄድብኝም» ብሎ ይመልስላታል።

የክረምቱ ማብቂያ ላይ፣ ጥቁር ለማለት ምንም የማይቀረው ሐምራዊ አበባ በአሸዋው ላይ በሚፈካበት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሣ ይመጣ ነበር። እኔም አበባ ሳይ አሸዋው ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሣሩ ተረጋግጦ በተኛበት ቦታ፣ ትንሽ የአሸዋ ጉብታ ነበረች፤ ላይዋ የተደለደለ፣ የመዳፍ ምልክት ያለበት። በእንጨት ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ያለው አሸዋ ጠቁሮ ረግቷል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሌላ አገኘሁ፣ በማግሥቱ ሌላ።

በዓለም ላይ ደም እንዲህ አድርጎ የሚያለብስ አንድ ሰው ነበር የማውቀው።

በዚያው ሳምንት ምሳውን ቦርሳው ውስጥ ላስቀምጥለት ስከፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ አገኘሁ። ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቋጠሮ ያለው፣ አባባ በገመድ እየሠራ በአንድ ወቅት ያሳየኝ ዓይነት ወጥመድ። ቋጠሮው ላይ አጭር ቡናማ ጸጉር ተጣብቆ ነበር። ቦርሳውን ዘጋሁት። እኛ ቤት ግን የሚዳቋ ሥጋ በልተን አናውቅም። ታዲያ የት ይወስደዋል? ለማን? እንዲህ ያለ ጥያቄ አፌ ላይ መጥቶ ይመለስ ነበር። ሌላ ነገር ሁሉ እጠይቀው የነበርኩት ልጅ ይህን አንድ ነገር መጠየቅ አቃተኝ።

ሙቀቱ እየጀመረ ሳለ አንድ አረንጓዴ መኪና በሩ ላይ ቆመ። የወረደው ሰው የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ፣ በዚህ አገር አጠራር ፓካህ ነበር፤ ዮአቭ እባላለሁ አለ። ወጣት ነው፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። አባባ ዕብራይስጡ «ሰላም» እና «ወረቀትህን አሳየኝ» ከማለት ብዙም ስለማያልፍ፣ የእኛ ልጆች ሁሉ በሐኪም ቤትና በየቢሮው እንደሚያደርጉት እኔ መካከላቸው ቆምኩ።

«ሚዳቋዎቹ በጣም ቀንሰዋል» አለ ዮአቭ። «አደን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን ይኸው ሁለት ወር ስፈልግ ደም የለም፣ ወጥመድ የለም፣ ምንም። ምልክት ካላገኘሁ ደግሞ ጥበቃ አይመድቡልኝም፤ ግንባታው አስደንግጧቸው ሄደዋል ነው የሚሉኝ። አያትሽ እዚህ ይውላል፤ ያየው ነገር አለ?»

ለአባባ ነገርኩት። አባባ ምልክት ካልተገኘ ጥበቃ እንደማይመደብ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከወንበሩም ተነሣ።

«የት ይሄዳሉ? አልሄዱም በይው። ወጥመዱን አጥሩ ቀዳዳ ላይ ነው የሚያስሩት፣ ማታ አስረው ሌሊት መጥተው ዛፎቹ ሥር አርደው ይወስዳሉ። እኔ ጠዋት ደርሼ የቀረውን እፈታለሁ። ደሙን ራቁቱን ትተውት ይሄዳሉ፣ ከብት ነው እንዴ? እኔ ነኝ የማለብሰው። እኔ እሱን ሳለብስ የዚህን ጎረምሳ ዓይን እየሸፈንኩ ነበር ለካ! ቦታውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ና ላሳይህ በይው።»

ስለዚህ እሱ አልነበረም። ልቤ እንደ ወፍ ቀለለ፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ድንጋይ ከበደ። ሽቦው ያለበት ቦርሳ ከወንበሩ ሥር ነበር። ወጥመድ መሥራት የሚያውቅ፣ ሽቦ በቦርሳው የያዘ፣ በማለዳ ብቻውን ሜዳ የሚገባ፣ ደም የሚሸፍን ሽማግሌ። እኔ የገዛ ልጅ ልጁ ለሳምንታት የጠረጠርኩትን ሰው ይህ የማያውቀን ሰው እንዴት ያምነዋል? ቃሉን በዕብራይስጥ በሐሳቤ ደረደርኩት፤ እያንዳንዱ ቃል አባባን የሚያስከስስ ሆኖ ተሰማኝ።

«ምንም አላየም ይላል» አልኩት።

ዮአቭ አባባን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ስልኩ ያለበትን ካርድ ሰጥቶኝ ሄደ። አባባ መኪናው እስኪሰወር ጠብቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ያን ሁሉ አውርቼ አንቺ በሦስት ቃል ጨረስሽው? እንዲህ ነው እንዴ ቋንቋቸው?»

ካርዱን የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

«አንድም ጊዜ ደም ስትዪ አልሰማሁሽም። ደም በነሱም አፍ ደም ነው፣ ይህችን እንኳ አውቃለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናኑ፣ ፈራሽልኝ ነው ወይስ ፈራሽኝ?» አለኝ።

ሁለቱም ነበር። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፣ ካርዱንም አልጠየቀኝም። ያ ካርድ በሂሳብ ደብተሬ መጨረሻ ገጽ፣ በቁጥሮቹ አጠገብ፣ ተቀምጦ ቆየ። በየቀኑ በእረፍት ሰዓት አውጥቼ አየውና ነገ እደውላለሁ እል ነበር፤ የማላውቀው ሰው ጋ መደወል በራሱ ለእኔ ተራራ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የትምህርት መዝጊያው ሲደርስ ሣሩ ገለባ መስሎ ነበር። በዕረፍት ቀኔ ከአባባ ጋር በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። የአጥሩ ቀዳዳ ጋ ስንደርስ አባባ ቆመ፣ እጁን ዘርግቶ አቆመኝ። ሽቦው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ አሸዋው ተቆፋፍሯል፣ በገለባው ላይ ገና ያልደረቀ ደም ነበር። በደሙ ዳር አንድ ነገር ወድቆ አየሁ፤ የተተለተለ ጆሮ ነበር። ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ ከሃያ እርምጃ የማይርቅ ቦታ ላይ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ ግልገል ቆማ ታየናለች።

አባባ ተንበረከከ። አሸዋውን ሊዘግን ሁለት እጁን ሲሰነዝር አየሁት። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አልሸፍነውም» አለ። «ጥሪው።»

ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ካርዱ ደብተሬ ውስጥ ቤት ነበር፣ ግን አላስፈለገኝም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳየው ቁጥሩን ሸምድጄው ነበር። ዮአቭ ሲያነሣ «እኔ የሾሜሩ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ባለፈው የነገርኩህ ውሸት ነው» አልኩት። ቀጥዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ደም የሚለውንም ቃል ደጋግሜ አልኩት። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዮአቭ እስኪመጣ ድረስ አባባ ከደሙ አጠገብ ተቀምጦ በባርኔጣው ዝንብ ሲከላከል ቆየ። ሕጉን ጥሶ መቀመጡ ነበርና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ዮአቭ ደርሶ ፎቶ አነሣ፣ ሽቦውን በከረጢት ከተተ፣ የጎማ ምልክት ለካ። ሲጨርስ አባባ ቀና ብሎ «አሁን ይቻላል ወይ በይው» አለኝ።

ስተረጉምለት ዮአቭ ምን እንደተጠየቀ ወዲያው አልገባውም፤ ሲገባው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመ። አባባ ሦስት እፍኝ ዘግኖ አለበሰው፣ በመዳፉም ደለደለው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ጠዋት ሜዳውን ዞርን። አባባ ያለበሰውን ቦታ አንዱንም አልረሳም፤ በደረሰበት ሁሉ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ ያስቀምጥበት ነበር። በመጨረሻ ዮአቭ «ስንት ናቸው በይው አያትሽን» አለኝ።

«እሱ ይቁጠር፣ ሥራው ነው» አለ አባባ። «የሞተ ቢቆጠር አይጎድልም።»

ዮአቭ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ድንጋይ ነበር። በሕይወት ስላሉት ብዛት ሲጠይቅ ጣቶቼን እየዘረጋሁ ደብተር እንዳለኝ ተናገርኩ፤ ሃያ ሁለት ብዬ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ ሁሉም ተጽፏል አልኩ። ዕብራይስጡን የማያውቀው አባባ ቁጥሮቹን ከጣቶቼ ላይ አነበባቸው።

«አንቺ ቀጣፊ! ኪስሽ ውስጥ ስታርመሰምሺ የከረምሽው ይህንን ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ብዙ አሰበ። «እንግዲህ ስጪው» አለ። «ከተቆጠሩ አይቀር ለሚጠብቃቸው ይቆጠሩ።»

ጥበቃ ተመደበ፤ ባሕር ዛፎቹ ላይ ካሜራ ተሰቀለ፤ በመጸው፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት፣ ሦስት ሰዎች መያዛቸውን ሰማን። ከመካከላቸው አንዱ ጠዋት ጠዋት በጭነት መኪና ሲመጣ አባባ ሰንሰለቱን የሚያወርድለት፣ በደንብ የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። አባባ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሱም ነገ ሌላ አለ ብሎ ነው።»

አሁን የግንባታው ቦታ ሰፈር ሆኗል፤ አባባ ሰንሰለት ሲሰቅል በዋለበት በር ላይ መዋዕለ ሕፃናት ቆሟል። ከሜዳው የተረፈውም በአጥር ተከልሏል። እኔ ካርታ በሚሠራ ቢሮ እሠራለሁ፤ እሱ ደግሞ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ኤይን ሀትኽሌት ሰገነቱ ላይ ይውላል። በየክረምቱ በጎ ፈቃደኞች ሚዳቋ ለመቁጠር በሚወጡበት ቀን እወጣለሁ፤ መነጽር በአንገቴ፣ መዝገብ በእጄ፣ ሁሉም በግልጽ ይቆጥራል። እኔ ግን ስቆጥር እጄ ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ እንደ ተልታላዋ ግራ ጆሮዋን ቀድማ የምታነሣ ሴት ሚዳቋ ሳይ፣ ያች ግልገል ስንት ልጅ ወልዳ ይሆን፣ ከእነዚህስ የትኞቹ የእሷ ይሆኑ እላለሁ።

ዘንድሮ ከመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት በአጥሩ ሥር ደም አገኘሁ፤ የወጥመድ ይሁን የባዘነ ውሻ ገና አልታወቀም። ፎቶ አነሣሁ፣ ቦታውን ካርታዬ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ደወልኩ፣ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ሥራዋን እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ስትጨርስ ተንበርክኬ ከእርጥቡ ቀይ አሸዋ ሦስት እፍኝ ዘገንኩ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላስረዳሁም።

ቤት ስደርስ አባባ የእጄን ቅላት አየ። ከዚያ እንደ ወትሮው ጠየቀኝ፤ ስንት ናቸው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«አሉ?»

ያን ቀን የቆጠርኩት ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ ካምናው በአንድ ያነሰ።

«አሉ፣ አባባ።»